የሳይከደሊክ ሕክምና ለማን? በክሊኒካችን የቀየርነውና የተማርኩት

የሳይከደሊክ ሕክምናን፣ ማለትም ስሜትንና አስተሳሰብን ለጊዜው በብርቱ የሚለውጥ መድኃኒት እየተሰጠ የሚደረገውን ሕክምና፣ ከሌላው የሥነ ልቦና ሕክምና የሚለየው አንድ ዋና ነገር አለ። ታካሚው ራሱን መከላከል በማይችልበት ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው የሚታከመው። በተለመደው የንግግር ሕክምና ያልተመቸው ሰው ወሬውን ይለውጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ካልሆነም በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል። ኬታሚን የተሰጠው ሰው ግን ለአንድ ሰዓት ገደማ፣ ከእንጉዳይ የሚገኘውን ሳይሎሳይቢን የወሰደው ደግሞ ለስድስት ሰዓት ያህል እንዲህ ማድረግ አይችልም። ሰውነቱ ይዝላል፤ የጊዜ ስሜቱ ይዛባል፤ የሚሰማው ቃል ከወትሮው ጠልቆ ይገባዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ባለሙያ ሥልጣንም በዚያው ልክ ያድጋል። ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ አጥብቄ መጠየቅ የጀመርኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው። ይህን ሥልጣን ማን ይይዘዋል? በማን ላይ ይውላል? ምንስ ይገድበዋል?

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ በኬታሚን ክሊኒክ በቴራፒስትነት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኬታሚን በ1970 ለማደንዘዣነት የተፈቀደ መድኃኒት ስለሆነ ሐኪም ለድባቴም ሊያዝዘው ይችላል። በአፍንጫ የሚረጨው ዘመዱ ኤስኬታሚን ደግሞ በ2019 በሌላ መድኃኒት አልሻል ላለ ድባቴ ተፈቅዷል። ሳይሎሳይቢንና ኤክስታሲ በሚል ስም የሚታወቀው ኤምዲኤምኤ ግን በፌዴራሉ ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ተራ ተመድበዋል። ኦሪገን በ2020፣ ኮሎራዶ በ2022 በሕዝብ ድምፅ ለሳይሎሳይቢን የየራሳቸውን በር ከፍተዋል። የኤምዲኤምኤን ማመልከቻ የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኦገስት 2024 ሳያጸድቀው ቀርቷል።

በ2018 የወጣ አንድ የጥናቶች ቅኝት ከ1993 እስከ 2017 የተካሄዱ 18 የሳይከደሊክ ሕክምና ጥናቶችን አገላብጦ ተሳታፊዎቹ እነማን እንደነበሩ ቆጥሯል። በጠቅላላው 282 ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ 82 በመቶ የሚሆኑት ነጮች ናቸው። ጥቁር አሜሪካውያን 2.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሳቀርብ መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ «በራችን ክፍት ነው፤ የማይመጡት እነሱ ናቸው» የሚል ነበር። በቅንነት የተባለ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው ለምን እንደማይመጣ ለማወቅ ከመድኃኒቱና ከሕጉ ታሪክ መጀመር ያስፈልግ ነበርና የመጀመሪያዎቹን የሠራተኞች ሥልጠና ሰዓቶች ለዚሁ አዋልናቸው።

በ1950ዎቹ በኬንታኪ ሌክሲንግተን በነበረው የፌዴራል የሱስ ምርምር ማዕከል፣ አብዛኞቹ ጥቁር በሆኑ እስረኞች ላይ ኤልኤስዲ የተባለው ሳይከደሊክ ይሞከር ነበር። ለአንዳንዶቹ ለ77 ቀናት በተከታታይ ተሰጥቷቸዋል። ለተሳትፏቸው የሚከፈላቸውም ሊላቀቁት የመጡት ያው ዕፅ ነበር። በአላባማ ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ጥቁር ወንዶች የቂጥኝ ሕክምና ተነፍጓቸው በሽታው ሲያደርስባቸው የኖረው ጉዳት ሲመዘገብ ቆይቷል። በ1986 የወጣው ሕግ ደግሞ 5 ግራም ክራክ (የሚጨስ ኮኬይን) ለሽያጭ ይዞ ለተገኘ ሰው ከ500 ግራም የዱቄት ኮኬይን ጋር እኩል ቅጣት ደነገገ፤ ትንሹ አምስት ዓመት ነው። ያ የመቶ እጥፍ ልዩነት በ2010 ወደ 18 እጥፍ ዝቅ ቢልም አልጠፋም። ወንድሙ በዚህ ሕግ ታስሮ የወጣ ሰው፣ ትናንት ያሳስር የነበረው ነገር ዛሬ ለስላሳ ሙዚቃና ብርድ ልብስ ተጨምሮበት «መድኃኒት» ተብሎ ሲቀርብለት ቢጠራጠር ምን ይገርማል? እኛም ጥርጣሬውን እንደ መሰናክል መቁጠር ትተን ከመድኃኒቱ በፊት በምናደርገው የዝግጅት ውይይት ውስጥ ቦታ ሰጠነው። ሰዎች ጥያቄያቸውን ሁሉ አውጥተው፣ ለጊዜው አልፈልግም ብለው ቢሄዱ እንኳ ያ ውይይት እንደተሳካ ነው የምቆጥረው።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብን የስደተኞች ጉዳይ ነው። ብዙ ባለሙያዎች «በክፍለ ሀገሩ ተፈቅዷል» ሲባል ለሁሉም እኩል የተፈቀደ ይመስላቸዋል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን የፌዴራል ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በኦሪገን ፈቃድ ባለው ማዕከል ሳይሎሳይቢን ቢወስድ፣ የክፍለ ሀገሩ ፈቃድ በፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ፊት ጥላ አይሆነውም። ፍርድ ቤት ሳይቀጣው፣ ራሱ ማመኑ ብቻ የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። በሐኪም የታዘዘ ኬታሚን የተለየ ነገር ነው፤ ያም ሆኖ በመግቢያ ቅጻችን ላይ ስለ ቀድሞ የዕፅ አጠቃቀም እንጠይቅ ነበርና መልሱ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል ማስረዳት ግዴታችን ነው ብዬ አመንኩ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማከርን። ከዚያ በኋላ ለደኅንነት የግድ የሚያስፈልገውን፣ ማለትም ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጨውን፣ በቃል ጠይቀን ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እንመዘግባለን። የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታን አንጠይቅም፤ ተገልጋዩ በራሱ ፈቃድ ቢነግረንም በማኅደሩ አይገባም። ስለ ሳይሎሳይቢን ለሚጠይቁን ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች ደግሞ አደጋውን ሳንሸፋፍን እንነግራቸዋለን።

ስለ ገንዘብ። በደም ሥር የሚሰጠውን ኬታሚን አብዛኞቹ የጤና መድኖች ለድባቴ ሲሆን አይከፍሉም። አንድ ዙር ብዙ ጊዜ ስድስት መርፌ ነው፤ እያንዳንዱም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ቅናሽ ማድረግ ቀላሉ መልስ ይመስላል፣ እኔ ግን ቅናሽ ለብቻው ደካማ መፍትሔ ነው ባይ ነኝ። ሰውየው ሥራ ቀርቶ ይመጣል፤ ደሞዙ ይቆረጣል። ልጆቹን የሚይዝለት ይፈልጋል። ኬታሚን ከወሰደ በኋላ እስከ ማግስቱ መኪና መንዳት ስለማይችል የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል፤ የቅርብ ሰው የሌለው፣ ማለትም ብቸኝነቱ ራሱ ሕመም የሆነበት ሰው፣ በዚህች አንዲት መስፈርት ከደጅ ይመለሳል። ስለዚህ የቅዳሜ ቀጠሮ ከፈትን፤ የመመለሻውን ትራንስፖርትና አብሮ የሚሄድ ሰው ከሕክምናው ወጪ ጋር አንድ ላይ አሰብነው። ዝግጅቱንና የኋላውን ውይይት በቡድን ማድረግ ወጪውን ቀነሰ፤ ለብዙዎችም ከግል ውይይቱ ይልቅ የቡድኑ ጓደኝነት የበለጠ ጠቅሟቸዋል። እንደ አቅም የሚከፈልባቸውን ቦታዎች ከዓመቱ በጀት ላይ አስቀድመን እንለያለን። «ከተረፈ እንሰጣለን» በሚል አሠራር ምንም ነገር ተርፎ አያውቅም።

አሁን ወደ ሕክምና ክፍሉ ልግባ፤ ሥልጣን በግልጽ የሚታየው እዚያ ነውና። በ2015 ካናዳ ውስጥ በተካሄደ የኤምዲኤምኤ ሙከራ አንዲት ተሳታፊ በቴራፒስቶቿ ድንበር የተጣሰባት መሆኑ በኋላ በአደባባይ ወጥቷል። ይህን ታሪክ ለአዲስ ሠራተኞች ሁሉ እናስተምራለን። የመነካካት ስምምነት የሚደረገው ተገልጋዩ ሙሉ አእምሮው ላይ ሳለ ነው። እጅ መያዝ ይፈቀዳል ወይ? ትከሻስ? በምን ምልክት ይቆማል? መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ስምምነቱ ሊጠብ ይችላል እንጂ ሊሰፋ አይችልም። ሰውየው በመሐል «እቀፈኝ» ቢል እንኳ ቀድሞ ያልተስማማበት ከሆነ ቃላችንን እንጠብቃለን፤ በማግስቱ አብረን እናነሣዋለን። ይህ ደንብ ጨካኝ ይመስላቸው የነበሩ ባልደረቦች ነበሩ። ለእኔ ከደንቦቻችን ሁሉ የማልደራደርበት ይህ ነው።

ማን ይቀመጥ የሚለውም እንዲሁ ነው። በኤምዲኤምኤ ሙከራዎች አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቴራፒስት ጥንድ ሆነው መቀመጣቸው የተለመደ ነበር፤ አባትና እናትን የሚመስል አደረጃጀት ነው። ይህ ለአንዳንዱ ይመቻል። በወንድ የተደፈረችን ሴት፣ ወይም በጾታዊ ማንነቱ ምክንያት ከቤት የተባረረን ሰው ግን ሊያስጨንቅ ይችላል። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኤልኤስዲ ግብረ ሰዶማውያንን «ለመለወጥ» በሐኪሞች ጭምር ይሞከር እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግብረ ሰዶምን ከሕመም ዝርዝሩ ያወጣው በ1973 ነው። እኛ ቀድመን እንጠይቃለን፤ አቅማችን በፈቀደው መጠንም የተመረጠው ሰው ይቀመጣል።

የዓይን መሸፈኛው በዚህ ሕክምና ውስጥ እንደ ተራ ዕቃ ይታያል። በእስር ላይ ዓይኑ ታስሮ ለተመረመረ ሰው ግን ያው ጨርቅ የምርመራው ክፍል ነው። የደም ግፊት መለኪያው ክንድን ሲያጠብቅ፣ በሩ ሲዘጋ፣ የማያውቀው ሰው ከራስጌው ሲቆምም እንደዚሁ። ስለዚህ ከሕክምናው ቀን በፊት ክፍሉን እናሳያለን፤ መሸፈኛውን ይሞክረዋል ወይም ይተወዋል፤ ግፊቱን የት ክንዱ ላይ እንደምንለካ፣ በሩ ገርበብ ይበል ወይስ ይዘጋ፣ ወንበሬ ወዴት ይሁን፣ ሙዚቃው ምን ይሁን፣ የሚወስነው እሱ ነው። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብዙ ፍርሃት የሚቀልለው በዚህ ግማሽ ሰዓት ነው።

በአስተርጓሚ ስንሠራ ዘመድ አያስተረጉምም። ሰው በእህቱ ፊት የማይናገረው አለ። ማኅበረሰቡ ትንሽ ከሆነ አስተርጓሚው ራሱ ጎረቤት ሊሆን ይችላልና ከሌላ ከተማ በስልክ የሚሠራ ባለሙያ እንመርጣለን። አስተርጓሚውም የዝግጅት ሰዓት አለው፤ የሚከፈለውም ለዚያ ጭምር ነው፤ ለቅሶ ሲመጣ ዝም ማለት፣ የተቆራረጠ ንግግርን አለማስተካከል የሚጠይቅ ሥራ ነው። ተገልጋዩ የሞተ ወላጁን አየሁ ወይም ድምፅ ሰማሁ ካለ ትርጉሙን የሚሰጠው ራሱ ነው። ከፈለገ የሃይማኖት አባቱን ያማክራል። እኔ ቅዠት ነው ብዬ አላጣጥልበትም፣ ራእይ ነው ብዬም አላጸድቅለትም።

አካታችነት የሕክምና ጥንቃቄን ማላላት አይደለም። ኬታሚን የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያልዋለ ሰው መውሰድ የለበትም፤ የስኪዞፍሬንያ ታሪክ ያለበትም እንደዚሁ በብርቱ ይጤናል። ነገር ግን እነዚህ መስፈርቶች በሁሉም ላይ እኩል አያርፉም። በአሜሪካ ከፍተኛ የደም ግፊት በጥቁሮች ዘንድ ይበዛል። ስኪዞፍሬንያ የሚል ምርመራም ለጥቁር ታካሚዎች ከልክ በላይ እንደሚሰጥ በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ «አያሟሉም» ብለን ፋይሉን አንዘጋም። ግፊቱን የሚያክም ሐኪም ጋር አገናኝተን ሲረጋጋ እንዲመለስ ቀጠሮ እንይዛለን፤ የቆየውን የአእምሮ ሕመም ምርመራም የሥነ አእምሮ ሐኪማችን እንደ አዲስ ያየዋል። መልሱ አንዳንዴ ያው «አይሆንም» ነው። ያኔም ሰውየው ሌላ ሕክምና ይዞ ይወጣል።

የቀደምት ሕዝቦችን ውለታ በሚመለከት ጥያቄ የተነሣብኝ በራሴ ባልደረቦች ነው። ኬታሚን በ1962 በቤተ ሙከራ የተሠራ ነውና ምን ዕዳ አለብን አሉ። እውነት ነው፣ ሞለኪዩሉ የማንም ቅርስ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሲዘጋጅ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ፣ ዜማ ሲመራው የሚለው የአሠራር ዕውቀት ከቤተ ሙከራ አልወጣም። በሜክሲኮ ዋሃካ፣ ዋውትላ ዴ ሂሜኔዝ የነበሩት የማዛቴክ ቀደምት ሕዝብ ፈዋሽ ማሪያ ሳቢና በ1955 ለአንድ አሜሪካዊ የባንክ ሰው የእንጉዳይ ሥርዓታቸውን ከፈቱ። በ1957 ታሪኩ በታዋቂ መጽሔት ከወጣ በኋላ ከተማዋ በውጭ ሰዎች ተጥለቀለቀች፤ ፈዋሿ በገዛ ወገኖቻቸው ተወቀሱ፣ ቤታቸውም ተቃጠለ። ሳይሎሳይቢን ከዚያው እንጉዳይ በ1958 ተለይቶ ወጣ። በደቡብ ቴክሳስ የሚበቅለው ሌላው ሳይከደሊክ ተክል ፔዮቲ ደግሞ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ሊፈጅ የሚችል ቁልቋል ነው፤ በ1994 የወጣ ሕግ ለአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ሥርዓት እንዲውል ጥበቃ አድርጎለታል። እኛ የማንንም ሥርዓት አንኮርጅም፤ ላባና ዕጣን በክሊኒካችን የለም። ከገቢያችን የተወሰነ ድርሻ በየወሩ በራሳቸው በቀደምት ሕዝቦች ለሚመራ የጥበቃ ሥራ ይሄዳል፤ ታሪኩንም ለተገልጋዮች እንነግራለን።

በ2019 በሉዊቪል ኬንታኪ በሥነ ልቦና ባለሙያዋ በዶክተር ሞኒካ ዊሊያምስ መሪነት ነጭ ላልሆኑ ቴራፒስቶች የተሰጠው የኤምዲኤምኤ ሥልጠና ለዘርፉ ትልቅ እርምጃ ነበር። የዚህ ዓይነት ሥልጠና ግን በሺዎች ዶላር የሚያስወጣ ስለሆነ እኛ የሠልጣኙን ክፍያና የሥራ ሰዓቱን ጭምር እንሸፍናለን። የማኅበረሰብ አማካሪዎቻችንም ይከፈላቸዋል። ከአንድ ማኅበረሰብ የመጣን አንድ ሠራተኛ የዚያን ማኅበረሰብ ጉዳይ ሁሉ አሸክሞ «አካተናል» ማለት ሰውየውን ማድከም ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ሳይኖር ኃላፊነቱን አንሰጥም።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ከሕክምናው በኋላ ያለው ነው። ሰውየው ቀልሎት፣ ለመኖር ጓጉቶ ይወጣል፤ የሚመለሰው ግን ኪራዩ ወዳልተከፈለበት ቤት፣ ወደሚያዋርደው አለቃ ነው። ኬታሚን ለድባቴ የሚሰጠው እፎይታ ብዙ ጊዜ ከቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት የሚቆይ ነው። እነዚያን ሳምንታት ስለ ውስጣዊ ሰላም በማውራት ብቻ ማሳለፍ ለእኔ አልታየኝም። ማኅበራዊ ሠራተኛችን ከመጀመሪያው ዝግጅት ጀምሮ አብራ ትቀመጣለች። ጉልበቱ ሲመለስለት የቤት ማስለቀቂያ ወረቀቱን፣ የቀረውን ማመልከቻ፣ ከሐኪም ጋር የሚያገናኘውን ስልክ አብረው ይዘው ይሠሩበታል።

አሁን እየሠራንበት ያለው የቅሬታ አቀባበሉን ነው። በክፍሉ ውስጥ በደል የደረሰበት ሰው አቤቱታውን ለበደለው ክሊኒክ ብቻ እንዲያቀርብ ማድረግ አይበቃም። ከእኛ ደሞዝ የማይቀበል፣ ማኅደሮችን በተገልጋዩ ፈቃድ ማየት የሚችል፣ ወደ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ የሚወስደውን መንገድ በተገልጋዩ ቋንቋ የሚያስረዳ የውጭ ሰው እየፈለግን ነው። ስልክ ቁጥሩም በመጀመሪያው ቀን፣ ከመድኃኒቱ በፊት፣ በተገልጋዩ እጅ እንዲገባ ወስነናል።