ከእርጥቡ ቴርሞሜትር ጋር ስድስት ወር

ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረቁ ቴርሞሜትሬ 30፣ ጫፉ በእርጥብ ሻሽ የተጠቀለለው እርጥቡ ደግሞ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳዩኝ። የሁለቱን ንባብ ወደ እርጥበት የሚቀይረውን ሰንጠረዥ ስመለከት የአየሩ እርጥበት 43 በመቶ ወጣ። ከጓደኛዬ የተዋስኩት ዲጂታል መለኪያ ደግሞ 44 አለ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ደብተሬ ላይ ቁጥሩን ሁለቴ አሰመርኩበት። እዚህ ለመድረስ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። አንድ ሰው እንኳ ከዚህ ልፋት ቢተርፍ ብዬ ነው የምጽፈው።

መነሻዬ ሰደድ እሳት ነው። ትናንት ቀስ እያለ ይነድ የነበረ እሳት ዛሬ ድንገት የሚያብደው ለምንድን ነው? ይሄን ለመረዳት የአየር ሁኔታ መመዝገብ ጀመርኩ። የዝናብ መለኪያ ተከልኩ፣ ደመና መለየት ተማርኩ፣ የነፋስ አቅጣጫ ያዝኩ። እነዚህ በሁለት ሳምንት ይለመዳሉ። ያስቸገረኝ እርጥበት ነው።

ለእሳት ደግሞ እርጥበት ትልቅ ነገር ነው። የደረቀ ሣርና ከ6 ሚሊሜትር የቀጠነ ጭራሮ የአየሩን እርጥበት ለመከተል አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ውፍረቱ ከ8 ሴንቲሜትር ያለፈ ግንድ ግን 1000 ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል፤ ከ40 ቀን በላይ ማለት ነው። ለዚህ ነው ጠዋት በጤዛ የራሰ ሣር ከሰዓት በኋላ በአንድ ብልጭታ የሚያያዘው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ይሰቀላሉ። የአንደኛው ጫፍ በሻሽ ይጠቀለልና የሻሹ ጭራ ውሃ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ 1 ግራም ለመትነን 2450 ጁል ገደማ ይፈልጋል። አየሩ በደረቀ ቁጥር ትነቱ ይበረታል፣ እርጥቡ ቴርሞሜትርም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። የሁለቱ ልዩነት ነው እርጥበቱን የሚነግረን።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። መጀመሪያ ላይ ነፋስ ባለበት ቀን ቁጥሬ ከዲጂታሉ ጋር ይገጥማል፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ግን ከ10 በላይ ይርቃል። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ከሻሹ የወጣው እንፋሎት እዚያው ይከማቻል፣ ትነቱም ይዳከማል። በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ነፋስ ያስፈልጋል። ትንሽ ማራገቢያ ገጠምኩለት። ደረቁ 30 ሲል እርጥቡ 21 ላይ ቆመ፣ ሰንጠረዡ 44 በመቶ አለ፣ ከዲጂታሉ ጋር ገጠመ። በቃ ተሳካ አልኩ።

አልተሳካም። አንድ ቀን ሻሹን ሳየው ግራጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ጨው ቢጤ ጋግሯል። በአዲስ ቀየርኩት። በዚያው ሙቀትና በዚያው እርጥበት እርጥቡ ወደ 20 ወረደ፣ ሰንጠረዡም 39 አለ። አዲሱ ሻሽ ነው የተበላሸው ብዬ አሮጌውን መልሼ አጠለቅኩት! ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ቆሻሻ ሻሽ መዘገብኩ።

ጉዳዩ ሌላ ነበር። የሰንጠረዡ አናት ላይ በትንሽ ፊደል «1013 ሄክቶፓስካል» ተጽፏል። ይሄ በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ነው። እኔ የምለካው ግፊቱ 760 አካባቢ በሆነበት ከፍታ ላይ ነው። 30 እና 20 በባሕር ወለል ሰንጠረዥ 39 በመቶ ናቸው፣ በ760 ግን 43። ለካ የቆሸሸው ሻሽ ቁጥሬን ወደ ላይ ሲገፋ የተሳሳተው ሰንጠረዥ ወደ ታች ይጎትተው ነበር። ሁለት ስህተቶች ተደጋግፈው ትክክል መስለው ከረሙ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ብቅ አለና ያስተካከልኩትን ተጠራጠርኩ።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ሻሽ ቢቆሽሽ፣ ውሃ ቢያንሰው፣ ነፋስ ባያገኝ፣ ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ነው፤ አየሩ ከእውነታው የረጠበ ይመስላል። እሳትን ለሚጠባበቅ ሰው ደግሞ ክፉው ጎን ይሄኛው ነው። ደረቅ ቀን ላይ «ግድ የለም፣ ደህና ነው» ያሰኛል። ስለዚህ ሻሽ በየሳምንቱ ቀይሩ። በትነት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ተጠቀሙ፣ የቧንቧ ውሃ ጨው ያጋግራል። ሻሹን በሳሙና ካጠባችሁት ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ከሁሉ በፊት ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ሻሽ ሳታለብሱ አወዳድሯቸው። የእኔዎቹ በ0.6 ዲግሪ ይለያዩ ነበር። የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር አማስላችሁ ብትነክሯቸው 0 ማሳየት አለባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። የእርጥበት መቶኛ ብቻውን መመዝገብ ትርጉም የለውም፤ መቶኛው የሚናገረው አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። ጠዋት 15 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ የነበረ አየር፣ አንዲት ጠብታ ሳይጎድልበት፣ ከሰዓት 28 ዲግሪ ሲደርስ 36 በመቶ ይሆናል። አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ያው ነው፣ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መጣል የሚጀምርበትን ሙቀት፣ አብራችሁ ያዙ፤ በዚህ ምሳሌ ጠዋትም ከሰዓትም ወደ 12 ዲግሪ ነው። እሱ ሲወርድ ካያችሁ በእርግጥ ደረቅ አየር ገብቷል ማለት ነው። እኔ ይሄን ዘግይቼ ስለጀመርኩ የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ደብተር ለምንም አልሆነኝም።

ከሰሞኑ ሣር መመዘን ጀምሬያለሁ። አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ከሰዓት ላይ አጭዳለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደርቀዋለሁ፣ እንደገና እመዝናለሁ። የጠፋውን ውሃ ለደረቁ ክብደት አካፍላለሁ። እስካሁን አራት ቀን ብቻ ነው የያዝኩት። ሚዛኔ ግራም እንጂ የግራም አሥረኛ አያሳይም፣ ለእፍኝ ሣር ደግሞ ይሄ ብዙ ነው። የተሻለ ሚዛን እስካገኝ የማጭደውን አብዝቼ እቀጥላለሁ።