የእማዬን ቤትና የእኔን ቤት በፋይበር ሳገናኝ የመረጥኩት ሞጁል

አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ካላችሁና ራውተሮቹን በመዳብ ገመድ ያገናኛችሁ ከሆነ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ወደ ፋይበር ቀይሩት። ይህን የምለው ለፍጥነት ብዬ አይደለም። ለመብረቅ ነው።

እኛ ያለነው ኮተቤ ነው። ከፊት የእማዬ ቤት፣ ከጓሮ የእኔ ቤት። ኢንተርኔቱ የሚገባው በእማዬ በኩል ነው። ከዚያ ወደ እኔ የሚመጣው አጥሩን ተከትሎ በተዘረጋ ካት 6 ገመድ ነበር። ርዝመቱ 60 ሜትር ገደማ ነው። ካት 6 እስከ 100 ሜትር ስለሚያደርስ ለዓመታት ያለ ምንም ችግር ሠርቷል። ባለፈው ነሐሴ ግን ሰፈራችን ላይ መብረቅ ወረደና የሁለቱም ራውተሮች ፖርት ተቃጠለ። ግቢያችን ውስጥ የወደቀ ነገር አልነበረም። ገመዱም ምንም አልሆነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ቤቶች የየራሳቸው ቆጣሪና የየራሳቸው ኧርዝ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) አላቸው። አቅራቢያ መብረቅ ሲወርድ የአንዱ ቤት ኧርዝ ከሌላው በሺህ በሚቆጠር ቮልት ሊበልጥ ይችላል። ረጅም መዳብም በራሱ ከአየር ላይ ቮልቴጅ ይሰበስባል። የኔትወርክ ፖርት ውስጥ ያለችው ትንሿ ትራንስፎርመር እንድትቋቋም የተሠራችው 1500 ቮልት ነው። ከዚያ በላይ ሲመጣ አብራ ትሄዳለች። ፋይበር ደግሞ መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በመብራት መስመር የሚመጣውን ግን እሱም አይከላከልም። ለዚያ ሶኬቱ ላይ መከላከያ ያስፈልጋል።

ወደ ሞጁሉ ልምጣ። ኤስኤፍፒ የሚባለው ራውተሩ ላይ ባለው ክፍት ቦታ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱን ራውተሮች ፖርት አንብቡ። እማዬ ቤት ያለው የቀድሞው ሞዴል ማይክሮቲክ ሄክስ ኤስ ነው፤ የእሱ ኤስኤፍፒ ፍጥነት 1 ጊጋ (በሰከንድ 1 ጊጋቢት) ብቻ ነው። የእኔ አርቢ 5009 ደግሞ ኤስኤፍፒ ፕላስ አለው፤ እስከ 10 ጊጋ ይሄዳል። በፋይበር አንዱ ጫፍ 10፣ ሌላው 1 ሆኖ መገናኘት የለም። ስለዚህ ሁለቱም ጋ የ1 ጊጋ ሞጁል ገባ። የምንከፍልበት ኢንተርኔት ከዚያ በብዙ ስለሚያንስ ምንም አልጎደለብንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁለቱ የፋይበር ዓይነቶች የትኛው፣ ሲንግል ሞድ ወይስ መልቲ ሞድ የሚለው ነው። ለ60 ሜትር መልቲ ሞድ ይበቃል፤ ብዙ መመሪያም ለአጭር ርቀት እሱን ይመክራል። እኔ ግን አዲስ አበባ ላለ ሰው በፍጹም አልመክረውም። ኢትዮ ቴሌኮም ቤት ለቤት የሚያስገባው ፋይበር ሲንግል ሞድ ነው። ስለዚህ በቀላሉ የሚገኘው ገመድ እሱ ነው፤ ፋይበር የሚበይዱት ልጆችም እጃቸው የለመደው እሱን ነው። ደግሞ ነገ 10 ጊጋ ብፈልግ የተቀበረው ገመድ እዚያው እንዳለ ሆኖ ሞጁልና ራውተር ብቻ እቀይራለሁ። መልቲ ሞድ ገመድ ግን እንደ ደረጃው ይገድባችኋል። ሁለቱን መቀላቀል ደግሞ አይሆንም። የሲንግል ሞዱ ብርሃን የሚሄድበት መሃል 9 ማይክሮን ብቻ ነው፤ በመልቲ ሞዱ አብዛኛውን ጊዜ 50 ነው። ቢጫ ገመድ ካያችሁ በአብዛኛው ሲንግል ሞድ ነው። ብርቱካናማና ውሃ ሰማያዊው መልቲ ሞድ ነው።

ሱቅ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ገንዘቡን ያጣል። ሻጩ ቅን ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ 10 ኪሎ ሜትሩንም አለኝ፣ 80 ኪሎ ሜትሩንም አለኝ። ትንሽ ጨምርና 80ውን ውሰድ፣ ኃይለኛ ነው» አለኝ። ኃይለኛ መሆኑ እውነት ነው። ችግሩም እሱ ነው። የ80 ኪሎ ሜትር ሞጁል በ1550 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው) ከ0 እስከ 5 ዲቢኤም ድረስ ይልካል። ዲቢኤም የብርሃን ጉልበት መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች እየወረደ በሄደ ቁጥር ብርሃኑ ደካማ ነው። ተቀባዩ ደግሞ በረጅም መንገድ የደከመ ብርሃን እንዲጠብቅ ሆኖ የተሠራ ነው። 60 ሜትር ላይ ስታገናኙት ጆሮ ሥር እንደመጮህ ነው። ወይ መስመሩ አይነሳም፣ ወይ ይቆራረጣል፣ ሲብስም ተቀባዩ ይበላሻል። ማድከሚያ ካልገባበት በቀር ለግቢ አይሆንም።

ለግቢ የሚሆነው በ1310 ናኖሜትር የሚሠራው፣ ኤልኤክስ የሚባለው የ10 ኪሎ ሜትር ሞጁል ነው። ከ−3 ዲቢኤም በላይ አይልክም፤ ተቀባዩም እስከ −3 ድረስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሜትር ላይም ብታገናኙት አይጎዳም። «10 ኪሎ ሜትር» ማለት እስከዚያ ይደርሳል ማለት እንጂ ከዚያ ባነሰ አይሠራም ማለት አይደለም። ይህን ለሻጩም ነግሬዋለሁ፣ ደስ ብሎት ነው የሰማኝ።

በአንድ ኮር፣ ማለትም ገመዱ ውስጥ ባለች አንዲት የመስታወት ክር ብቻ መላክም መቀበልም የሚችል ቢዲ የሚባል ሞጁልም አለ። ጥንዱ ግን የተለያየ ነው፤ ለምሳሌ አንዱ በ1310 ልኮ በ1550 ይቀበላል፣ ሌላው በተቃራኒው። ሁለት አንድ ዓይነት ከገዛችሁ አይነጋገሩም። አንዱ ሲበላሽም ትክክለኛውን ጎን መፈለግ አለ። ዕቃው ዱባይ በሚመላለስ ሰው እጅ በሚመጣበት አገር ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት የሆነውን እመርጣለሁ። አንድ መጠባበቂያ ለሁለቱም ቤት ይሆናልና። የተዘረጋው ገመዳችሁ አንድ ኮር ብቻ ከሆነ ግን ቢዲ ጥሩ መፍትሔ ነው።

ከሞጁሉ ይልቅ ሰው የሚቸገረው ማገናኛው ላይ ነው። ለቤት የሚሸጠው የተዘጋጀ ገመድ ብዙ ጊዜ ጫፉ አረንጓዴ ኤስሲ ነው (ኤስሲና ኤልሲ የማገናኛ ዓይነቶች ናቸው)። የእኛ ሞጁል የሚፈልገው ሰማያዊ ኤልሲ ነው። አረንጓዴው ጫፉ በ8 ዲግሪ ተንሸዋርሮ የተሞረደ ነው፤ ከሰማያዊ ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል፣ ብርሃኑ ይባክናል። አረንጓዴውን ከአረንጓዴ ጋር አገናኙና፣ በሌላኛው ጫፉ ሰማያዊ ኤልሲ ባለው አጭር ገመድ ወደ ሞጁሉ ግቡ። የኢትዮ ቴሌኮምን ፋይበር በቀጥታ እዚህ ሞጁል ላይ መሰካትም አይሠራም፤ የእነሱ አሠራር ሌላ ነው፣ የራሱን ሳጥን ይፈልጋል።

ከትልልቅ ድርጅት የተረፈ ያገለገለ ስዊች ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሞጁሉ ውስጥ የአምራቹን ስም የያዘች ትንሽ ማስታወሻ አለች። አንዳንድ ዕቃ እሷን አንብቦ የራሱ ካልሆነ አልቀበልም ይላል። ማይክሮቲክ እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለበትም።

ሰክታችሁ መብራቱ ካልበራ መጀመሪያ በአንዱ ጫፍ ሁለቱን ኮሮች አቀያይሩ። የአንዱ መላኪያ የሌላው መቀበያ ላይ መግባት አለበት። ከዚያ ኦቶ ኔጎሲየሽን (ሁለቱ ጫፎች ራሳቸው ፍጥነት የሚስማሙበት የራውተሩ ቅንብር) በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ፤ በተለይ የ1 ጊጋ ሞጁል የ10 ጊጋ ፖርት ውስጥ ከገባ። ጫፉንም በንጹሕ አልኮልና በማያቦን ጨርቅ ጥረጉት። ለ9 ማይክሮን መንገድ የኮተቤ አቧራ ቀላል ነገር አይደለም። ጫፉን ግን በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ብርሃኑ አይታይም እንጂ ሌዘር ነው።

ሞጁል ስትገዙ ዲዲኤም ያለው መሆኑን ጠይቁ። የሚቀበለውን የብርሃን መጠን ራውተሩ ላይ ያሳያችኋል። የእኔ −6 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ ጤነኛ ነው። ወደ −19 ከተጠጋ ገመዱ የሆነ ቦታ ታጥፏል ወይም ጫፉ ቆሽሿል።

ገመዱን በተመለከተ ሁለት ነገር። ለዝርጋታ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ማንጠልጠያ የብረት ሽቦ አብሮት አለው። ሽቦውን ቤት ውስጥ አታስገቡ፤ ውጭ ቆርጣችሁ ፋይበሩን ብቻ አስገቡ። አለበለዚያ የሸሻችሁትን መብረቅ ራሳችሁ መንገድ ሠራችሁለት ማለት ነው። ከቻላችሁ ደግሞ ባለ አራት ኮር ዘርጉ። ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ይጠብቃሉ። አንዱ ቢሰበር እንደገና መቆፈር የለም።