ሴንትሮዞሞቹን ማን አስሮ ማን ይፈታቸዋል?

የባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ማይቶሲስ ጋ ስትደርሱ "ሴንትሮዞሞቹ ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ይሄዳሉ" ትባልና ትታለፋለች (ሴንትሮዞም ማለት ማይክሮቲዩቡል የሚባሉት ቀጫጭን የፕሮቲን ቱቦዎች የሚወጡበት የሴሉ ማዕከል ነው፣ ዋልታዎቹ ደግሞ የሚከፋፈለው ሴል ሁለት ተቃራኒ ወገኖች)፣ እኔ ደግሞ ከሴል ክፍፍል ሁሉ የምወደው እዛች ጋ ያለውን ጣጣ ነው። ዝም ብለው አይሄዱም እኮ፣ እስከዛ ታስረው ነው የሚቆዩት።

በየሴንትሮዞሙ ውስጥ ሴንትሪዮል የሚባሉ በርሜል መሰል ነገሮች አሉ፤ የሁለቱ ነባር ሴንትሪዮሎች ግርጌ ላይ ሲ-ናፕ1 የሚባል ፕሮቲን ይቀመጣል፣ እሱ ላይ ሩትሌቲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ክር ሆኖ ይተከልና ከማዶ ከመጣው ክር ጋር ይጠላለፋል፣ በቃ ማሰሪያው ይሄ ነው (ሌሎችም አጋዦች አሉት፣ ሴፕ68 ለምሳሌ)። የሚፈታው ግን ተቆርጦ አይደለም። ኔክ2ኤ የሚባል ካይኔዝ (ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) ሲ-ናፕ1 እና ሩትሌቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፍባቸውና ከሴንትሮዞሙ ይለቃሉ። ታዲያ ለምን ቀደም ብሎ አይፈታቸውም? ፒፒ1 የሚባል ፎስፋቴዝ (ፎስፌት የሚነቅል ኢንዛይም) እዛው ኔክ2ኤ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ነዋ፣ ያኛው የለጠፈውን ይሄኛው ይነቅላል። ሴሉ ለመከፋፈል ሲቃረብ ፒኤልኬ1 የሚባል ሌላ ካይኔዝ ኤምኤስቲ2 የተባለውን ፕሮቲን ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ ያኔ ፒፒ1 ከኔክ2ኤ ላይ ይነሳና ሚዛኑ ወደ መፍታት ያጋድላል። በጣም ያምራል በእውነት።

መፈታት ብቻውን ግን አያራርቅም፣ የሚገፋ ያስፈልጋል። እሱ ኢጂ5 ነው፣ አራት ራስ ያለው ሞተር ፕሮቲን፣ በሁለት ራሱ ከአንዱ ሴንትሮዞም የወጣውን ማይክሮቲዩቡል በሁለቱ ደግሞ ከሌላው የወጣውን በተቃራኒ የዞረውን ይይዝና እየተራመደ ያንሸራትታቸዋል። በ1999 ሞናስትሮል የተባለ ኬሚካል ኢጂ5ን ሲያግድ ሴሎቹ ባለ አንድ ዋልታ ሆነው ቀሩ፣ ክሮሞዞሞቹ መሀል ያለውን ሴንትሮዞም ክብ ሰርተው ከበቡት።

ደግሞ ኔክ2ኤ ቢጠፋም ኢጂ5 ጉልበት ካለው ማሰሪያውን በግድ ጎትቶ ይለያያቸዋል፣ ኢጂ5 ሲዳከም ነው ያለ ኔክ2ኤ የማይሆነው። ስለዚህ "ሴንትሮዞምን የሚለያየው ፕሮቲን የትኛው ነው" ብሎ አንድ ስም መጠየቅ ለኔ ትክክል አይመስለኝም።

ማሰሪያው ከነጭራሹ ሲጎድልስ? ሞንቤልያርድ የሚባሉ የፈረንሳይ ላሞች ውስጥ የሲ-ናፕ1 ጂን የተበላሸባቸው ጥጆች ተገኝተዋል፣ ሴንትሮዞሞቻቸው ያለጊዜው ይለያያሉ። ሴሎቻቸው መከፋፈሉን ይከፋፈላሉ፣ ጥጆቹም ይወለዳሉ፣ ግን ሰውነታቸው የቀጨጨ ራሳቸውም ቀጭንና ሞጋጋ ነው።