እርጥበት የሚፈሩ ድንጋዮች

ሐረር ጀጎል ውስጥ ባለው የአያቴ ቤት በእንጨት ሳጥን አስቀምጬው የሄድኩት የማርካሳይት ክሪስታል፣ አንድ ክረምት አልፎ ስመለስ ግማሹ ዱቄት ሆኖ ጠበቀኝ። የቀረው ግማሽ ተሰነጣጥቆ ነጭና ቢጫማ ብናኝ ለብሷል፤ ስሙንና የተገኘበትን አገር ጽፌ ከሥሩ ያኖርኩት ወረቀትም እሳት የለበለበው ይመስል ጠቁሮ፣ ሲነኩት ይፈረፈር ነበር። አያቴ ሳጥኑን ጎንበስ ብለው ተመለከቱና «ድንጋይም ይሞታል እንዴ?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ማርካሳይት ከብረትና ከድኝ የተሠራ ማዕድን ነው። ወርቅ በመምሰሉ ከታወቀው ከፓይራይት ጋር በቅንብር አንድ ሲሆን፣ የሚለያዩት አተሞቻቸው በተደረደሩበት ሥርዓት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ቶሎ የሚበላሸውም እርሱ ነው። እርጥብ አየር ሲያገኘው ኦክስጅንና ውኃ ተባብረው ወደ ብረት ሰልፌትና ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። ወረቀቴን የበላው ይኸው አሲድ ነበር። ሙዚየሞች እንዲህ ያሉ ናሙናዎችን የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች በሆነ ቦታ ለማቆየት የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክረምት የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር ይቀዘቅዛል፣ እርጥበትም ይይዛል፤ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ከተማ ናት። ስለዚህ ከሰበሰብኳቸው ማዕድናት የተረፉትን ጠቅልዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው ክፍሌ አወረድኳቸው። ሰው ሙቀት ሸሽቶ ወደ ሐረር ይወጣል፤ የእኔ ድንጋዮች ወደ ድሬዳዋ ወርደው ዳኑ። ከዚያ ወዲህ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች ማንም ሰው ፊቴ ሲጥላቸው ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነሣው፣ ስፔን የሚኖር ዘመዴ ያመጣልኝን የፓይራይት ኩብ ነው። የተገኘው በላ ሪዮሃ ግዛት ካለችው ከናቫሁን ሲሆን፣ ቦታው ስድስት ገጽ ያላቸውን ፍጹም ኩቦች በማውጣት በመላው ዓለም የታወቀ ነው። ሁሉም «ማን ቆረጠው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ማንም እንዳልቆረጠው ስነግራቸው የሚያምኑኝ ጥቂቶች ናቸው። በብዙ የፓይራይት ኩቦች ገጽ ላይ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይታያሉ፤ የአንዱ ገጽ መስመሮች ከጎረቤቱ ገጽ መስመሮች ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ነው የሚገናኙት፤ ይህን በሞረድ ለማስመሰል የሚደክም ሰው ያለ አይመስለኝም። ወርቅ ነው ብሎ ለሚከራከረኝ ደግሞ የተሰበረ የቡና ሲኒ አወጣለታለሁ። ከሲኒው ግርጌ ባለው ባልተወለወለው ሻካራ ክብ ላይ ፓይራይት ሲፋቅ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር መስመር ይተዋል፤ ወርቅ ቢሆን ኖሮ መስመሩም ወርቃማ ይሆን ነበር።

ጋሌናን ግን ዓይን ብቻውን አይመዝነውም፤ በእጅ መያዝ ይኖርበታል። የእርሳስና የድኝ ውሕድ ስለሆነ፣ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ወደ 940 ግራም ይመዝናል፤ በዚያው መጠን የተቆረጠ ኳርትዝ 330 ግራም ገደማ ነው። ሲሰበርም ስባሪው መልሶ ትናንሽ ኩቦች ይሆናል። በጥንቷ ግብፅ ሰዎች ዓይናቸውን ይኳሉበት የነበረው ጥቁር ዱቄት በአብዛኛው ይኸው ጋሌና ነበር፤ እርሳስ መርዝ መሆኑ ስለሚታወቅ ግን እኔ ከነካሁት በኋላ እጄን ሳልታጠብ እንጀራ አልቆርስም።

ከሌሉኝ መካከል የምመኘው ፕሩስታይት ነው። ብር፣ አርሴኒክና ድኝ ተዋሕደው የሠሩት ደም የመሰለ ቀይ ክሪስታል ሲሆን፣ ጸዳሉ ከብረት ይልቅ ወደ አልማዝ ያደላል። ዝነኞቹ የወጡት በ1832 ብር ከተገኘበት ከቺሊው ቻኛርሲዮ ነው። የእርሱ ጠላት ብርሃን ነው፤ ለብርሃን ተጋልጦ ከቆየ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ውበቱን ለማቆየት ከዓይኑ ሊሰውረው ይገደዳል። በጃፓን ሺኮኩ ደሴት ከሚገኘው ከኢቺኖካዋ የወጡት ሰይፍ መሳይ የስቲብናይት (የአንቲሞኒና የድኝ ውሕድ) ክሪስታሎች ደግሞ ከግማሽ ሜትር የሚበልጡ ነበሩባቸው። እነርሱን በፎቶግራፍ ማየት ይበቃኛል፤ ባገኛቸው እንኳ የማኖርበት ስፍራ የለኝም፣ ማዕድኑም በጥፍር እስኪጫር ድረስ ለስላሳ ነው። ከአፍሪካ ብጠየቅ የኮንጎዋን የካታንጋን ካሮላይት እመርጣለሁ፤ መዳብ፣ ኮባልትና ድኝ በአንድነት እንደ መስተዋት የሚያበራ ገጽ ሲያወጡ ማየት ደስ ያሰኛል።

ባለፈው ዓመት የአያቴን የብር ሐብል ሐረር ወደሚገኝ አንጥረኛ ወሰድኩላቸው። ሐብሉ ለዓመታት ሳይደረግ በመቆየቱ ጠቁሮ ነበር። ያ ጥቁረት ብሩ በአየር ውስጥ ካለው የድኝ ጋዝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ሲሆን፣ በቅንብሩ ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ ከሚያወጡበት ከአካንታይት አይለይም። አካንታይት ከ173 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ ሲፈጠር የኩብ ሥርዓት ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይለወጣል፣ ውጫዊ ቅርጹ ግን እንደ ነበረ ኩብ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ ለአንጥረኛው ካብራራሁለት በኋላ፣ የሐብሉን መቆለፊያ ሳይወለውል እንዲተውልኝ ለመንኩት። ሳቀና ተወው፤ ከዋጋው ግን አንዲት ብር አልቀነሰልኝም።