ስታፋው ሰፍቷል

ይህን ገጠመኝ ሳወራ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግማሹን ስለማልነግራቸው ነው።

2003 ዓ.ም. ላይ ነው። ከተመረቅሁ ገና አራት ወሬ። ሰሚት አካባቢ በሚሠራ አንድ ጂ ፕላስ ፎር ላይ ሳይት ኢንጂነር ሆኜ ተቀጠርኩ። ነጭ ሄልሜት ሰጡኝ። የፎርማኑ ቢጫ ነው። የቀን ሠራተኛው ሄልሜት ፀጉሩ ነው።

ፎርማኑ 57 ዓመታቸው ነበር፣ እኔ 23። እሳቸው «እርስዎ» ይሉኛል፣ እኔ «አንተ» እላቸዋለሁ። አሁን «እሳቸው» ብዬ የምጽፈው አሁን ስለሆነ ነው። ያኔ «እሱ» ነበሩ። መጀመሪያ ቀን «ጋሼ» ብያቸው ነበር። ፕሮጀክት ማናጀሩ ሰማኝና ወደ ጎን ወስዶ መከረኝ። «ፎርማን አንቱ ካልከው አናትህ ላይ ይወጣል» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ሁሉ ቶሎ ሥራ ላይ ያዋልኩት ይህን ምክር ነው።

ዓርብ ከሰዓት ነው። የሁለተኛው ፎቅ ቢሞች (ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚዎች) ፌሮ ታስሮ አልቋል፤ ቅዳሜ ጠዋት የኮንክሪት ሙሌት ነው። ሚክሰሩን ሊሞክሩት አስነስተውት ይጮኻል። ፎርማኑ ከመሰላሉ ወርደው መጡ።

«ኢንጂነር፣ ዳር ዳሩ ላይ ስታፋው ሰፍቷል። ላስጠጋው?»

ስታፋ። አምስት ዓመት ስማር ይህን ቃል አንድም ቀን አልሰማሁትም። ጆሮዬ የሚያውቀውን ፈልጎ «ስታፍ» አለኝ። ሠራተኛው ማለታቸው ነው ብዬ ቀና ስል፣ እውነትም ዳር ላይ ሦስት አራት ልጆች ተራርቀው ቆመዋል። ገባኝ።

«አይ፣ ይሁን» አልኩ። «እንዲያውም ሰፋ ሲል ነው ጥሩ። ሲጠጋጋ ወሬ ያበዛል።»

አዩኝ። ብዙ ቆይተው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

«እርስዎ ካሉ» አሉና ወደ መሰላሉ ተመለሱ።

ሳይት ላይ ለዋለ ሰው ቀሪውን መናገር አያስፈልግም። ለማያውቅ ግን፣ ስታፋ ማለት ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን ይዞ የሚያስረው ቀለበት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «ስቲራፕ» ነው የምንለው። ቢሙ ወደ ኮለኑ፣ ወደ ቋሚው ምሰሶ፣ ሲጠጋ ሺሩ (ቢሙን ሊቆርጠው የሚሞክረው ኃይል) ስለሚበረታ ስታፋው እዚያ ጋ ጠቅጠቅ ይላል፣ መሀል ላይ ይላላል። ድሮይንጉ ዳር ላይ 10 ሳንቲ ይላል። ፌሮ ሠራተኞቹ ተቻኩለው ከዳር እስከ ዳር በ20 አስረውታል። ፎርማኑ ያዩት ይህንን ነው። እኔ ደግሞ ወሬ ያበዛል ብዬ ከለከልኩ።

ነገሩ የኔ ጆሮ ብቻ አይደለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲሄድ ቃሉን ለባለ እጁ ትቶለት ሄዷል። አርማታ፣ ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ሞራሌ፣ ባሬላ፣ ካቦ። እኛ ደግሞ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ነው የበላነው፤ ኮንክሪት፣ ስላብ፣ ፎርምወርክ። አንዱን ሕንፃ ሁለት ቋንቋ ይሠራዋል። አፍህን ስትከፍት ከየት እንደመጣህ ይታወቃል። «ሶሌታ» ካልክ ከባሬላ ነው የመጣኸው፣ «ስላብ» ካልክ ከዶርም። ልዩነቱ፣ የነሱን ቃል አለማወቅ እኛን አያሳፍረንም። የኛን አለማወቅ ግን እነሱን «ያልተማሩ» ያሰኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ዝግጁ ነው። ሲሚንቶው ተከምሯል፣ ውኃው በርሜል ሞልቷል፣ አርባ የሚሆን የቀን ሠራተኛ ባሬላውን ይዞ ተሰልፏል። የኮንሰልታንቱ ሪዚደንት፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው ኢንጂነር፣ መጣ። ከኔ ቢበልጥ በሦስት ዓመት ነው። ሜትሩን ዘረጋ። ለካ። ሌላ ቢም ሄዶ ለካ። የሙሌት ፈቃዱን ሳይፈርም መልሶ ሰጠኝ።

«ይሄን ማነው ያየው?»

ያኔ ነው «ስታፋ» ምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ የበራልኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋለ። አፌ ግን ከኔ ቀደመ።

«ነግሬው ነበር» አልኩ። በአገጬ ወደ ፎርማኑ አመለከትኩ።

ሪዚደንቱ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ ድሮይንግ ማንበብ አትችልም?» አርባ ሠራተኛ ይሰማል። የገዛ ልጃቸው እዚያው ሳይት ላይ ፌሮ ሠራተኛ ነበር፤ እሱም ይሰማል።

ፎርማኑ ሄልሜታቸውን አወለቁ። «የኔ ጥፋት ነው፣ ኢንጂነር» አሉ። ለማን እንደተናገሩ እስካሁን አላውቅም። ሁለታችንም ኢንጂነር ነበርን።

ሙሌቱ ለሰኞ ተላለፈ። ሠራተኛው የግማሽ ቀን ተከፍሎት ተበተነ።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎርማኑ ወዳሉበት ሄድኩ። ከቆርቆሮው አጥር ሥር፣ ሴቶቹ ሽሮ የሚሸጡበት። እዚያ ገብቼ አላውቅም፤ እኛ የምንበላው ውጪ ነው። ሳይት ውስጥ መመገቢያ እንኳ ሁለት ነው፣ ማንም አዋጅ ሳያወጣ። ስመጣ እጃቸውን ከሽሮው አንስተው ሊነሱ ሲሉ በእጄ ከለከልኳቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጃቸው ፊቱን አዞረ።

«ትናንት የነገሩኝ አልገባኝም ነበር» አልኩ። «እርስዎ» ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ወሬ ያበዛል ስትል ነው ያወቅሁት።»

ስትል። አንተ። ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ከአጠገባቸው ቁራጭ ባለ 8 ፌሮ አንስተው በጣታቸው እያሽከረከሩ ትንሽ ቆዩ። በ14 ዓመታቸው አንድ ጣሊያን ግንበኛ ጋ ማልታ ሲያቦኩ ነው ሥራ የጀመሩት። እሱ ጥያቄ ሲጠየቅ በጥፊ ነበር የሚመልሰው ብለው ነግረውኝ ያውቃሉ።

«ምኒልክ ባለ እጁን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡት ብለው አውጀው ነበር አሉ» አሉኝ። «ኢንጂነሩ ይስማው ግን አላሉም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለሰው የማወራው እስከዚህ ነው። እዚህ ላይ ሲያልቅ ቆንጆ ታሪክ ነው።

ወሩ አለቀ። የቅዳሜዋ ኪሳራ ከፎርማኑ ደመወዝ ይቆረጥ ተባለ። ልናገር ብዬ ቢሮ ገባሁ። በእውነት ልናገር ነበር የገባሁት። ባለቤቱ ራሳቸው ትምህርት ያቆሙት አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን ፕራዶ ስላላቸው ሠራተኛው እሳቸውንም «ኢንጂነር» ነው የሚላቸው። አፌን ሳልከፍት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ፣ ልጅ ነህ» አሉኝ። «እነዚህ ያልተማሩት ናቸው የሚያበላሹን።»

«አዎ» አልኩ።

ፎርማኑ ከዚያ በኋላ ወደ «እርስዎ» ተመለሱ። ሕንፃው እስኪያልቅ ዓመት ከምናምን አብረን ሠራን። ብዙ ነገር አስተማሩኝ፤ ሁሉንም በ«እርስዎ»። ያን ዓርብ ዝም ያሉት ፈርተውኝ ነው ወይስ እንድወድቅ ብለው? ሳስበው አንዳንዴ አንዱ፣ አንዳንዴ ሌላው ይመስለኛል። ሁለተኛው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን እኔው ፕሮጀክት ማናጀር ነኝ። ሳይት ላይ «ስታፋ» እላለሁ፣ ስብሰባ ላይ «ስቲራፕ»። ፎርማኖቼን «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ በዚህ እንኳ አልታማም። ባለፈው ወር አዲስ ተመራቂ ልጅ ተቀጠረች። ሁለተኛ ቀኗ ነው። ፎርማኑ የሆነ ነገር ሲነግራት፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጋሼ፣ ስታፋ ምንድነው?» አለች። ምንም አላፈረችም።

«ይሄን ሳታውቂ ነው እንዴ የተመረቅሽው?» አልኳት። ከየት እንደመጣብኝ እንጃ።

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ።

«ክፍል ውስጥ እንደዚህ የሚል መምህር አልነበረንም። እርስዎ የት ነው የተማሩት?»

«ዩኒቨርሲቲ ነዋ» አልኩ።