የቬትናም ጥቅልል በፍልሰታ

ቨርጂኒያ ውስጥ ፍልሰታ የሚውለው በሙቀት መሃል ነው። አገር ቤት ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፤ ሽሮ እየተንተከተከ ቤቱን ሲያሞቀው ደስ ይላል። እዚህ ነሐሴ ማለት ወበቅ ነው። ከመኪና ወርደው በር እስኪደርሱ ልብስ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ላይ ምድጃ ለኩሶ ሽንኩርት ማቁላላት ቅጣት ነው። ቤታችን ደግሞ አፓርትመንት ነው። የወጥ ሽታ አንዴ ሶፋው ውስጥ ከገባ እዚያው ይከርማል።

ዘንድሮ እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ናት። ልጆቹም እንጾማለን ብለዋል፤ ፍልሰታን ልጅ ሁሉ ይጾማታል ብላ አሳምናቸዋለች። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ከዚያ ተመልሶ ሽሮ። ሽሮ አይሰለቸኝም። የሰለቸኝ ምድጃው ነው። ስለዚህ ዛሬ የቬትናሞችን ጥሬ የአትክልት ጥቅልል ሠራን።

ስሙ ጎይ ኩዎን ይባላል፣ የደቡብ ቬትናም ምግብ ነው። ስፕሪንግ ሮል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በዘይት የተጠበሰውን ነው። ያ ሌላ ነው። ይሄኛው ዘይት አይነካውም። ስስ የሩዝ ወረቀት ውሃ ያየውና ይለሰልሳል፤ ውስጡ ሰላጣ፣ ቀጭን የሩዝ ኑድልና ጥሩ መዓዛ ያላቸው ቅጠሎች ይገቡበታል፤ ይጠቀለላል፣ ሶስ ውስጥ እየተነከረ ይበላል። የተለመደው አሠራር የተቀቀለ ሽሪምፕና የአሳማ ሥጋ አለበት። እኛ ቤት ሁለቱም በጾምም በፍስክም አይገቡም፤ እንዲያውም ሥራ ቀለለልን። በምትካቸው ቶፉ አደረግን፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ ነገር ነው።

ያስተማሩኝ ከታች ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ የደቡብ ቬትናሟ ትልቅ ከተማ የሳይጎን ሰው። ቡድሂስት ናቸው። ስለ ጾማችን ላስረዳቸው ስጀምር ብዙ መድከም አላስፈለገኝም። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣም የለም ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ይታቀባሉ። እዚህ አገር ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ ጾም ሳስረዳ "ዶሮም አትበዪም?" ከሚለው ጥያቄ ጀምሬ ነው። ከእሳቸው ጋር ያ ሁሉ ቀረ።

አጥባቂ የሆኑት ቡድሂስቶች ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ይተዋሉ። ይህን ለእማዬ ስነግራት በጣም ደነገጠች። "ያለ ሽንኩርት? ታዲያ ምን ይበላሉ?" እውነቷን ነው። የእኛ ጾም ያለ ሽንኩርት አንድ ቀንም አያድር።

ዕቃውን የገዛነው ፎልስ ቸርች ከተማ ካለው ኤደን ሴንተር ነው። ዊልሰን ቡሌቫርድ አጠገብ ያለ ሰፊ የገበያ ቦታ ነው፤ ሱቁም፣ ምግብ ቤቱም፣ ወርቅ ቤቱም ከሞላ ጎደል የቬትናሞች ነው። የመኪና ማቆሚያው ላይ ቢጫ መደብና ሦስት ቀይ መስመር ያለው ባንዲራ ይውለበለባል። የዛሬዋ ቬትናም ባንዲራ አይደለም። በፈረንጆቹ 1975 የወደቀው የደቡብ ቬትናም መንግሥት ባንዲራ ነው። እማዬ አንጋጣ አየችና "የማን ነው?" አለች። ነገርኳት። "ውይ፣ እነሱም?" ብላ ዝም አለች። ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀችም።

ቬትናሞቹ መጀመሪያ የሰፈሩት እዚያ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሱቆቻቸው የነበሩት አርሊንግተን፣ ክላረንደን አካባቢ ነው። ያኔ የሜትሮ ባቡር እየተሠራ ሰፈሩ ተቆፋፍሮ ስለነበር ኪራይ ርካሽ ነበር። ባቡሩ ሲደርስ ኪራዩ ተሰቀለ። በ1980ዎቹ ብዙዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ኤደን ሴንተር ሄዱ። ይህን ታሪክ የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ሳይነግሩት ይገባዋል። ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር የነበሩት ምግብ ቤቶቻችን የት ደረሱ? አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋ።

የቅጠሉ መደርደሪያ ጋ ብዙ ቆየን። ናና አለ፣ የድንብላል ቅጠል አለ። ግንዱ ሐምራዊ የሆነ፣ የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል አለ። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ወይን ጠጅ የሆነ ቲያ ቶ የሚባልም አለ። እማዬ እያንዳንዱን በጣቷ እያሸች አሸተተች። የበሶብላው ዘመድ ላይ ስትደርስ "ይሄማ ለበርበሬ ይሆናል" አለችና ለራሷ ሌላ እስር ጨመረች። ቲያ ቶውን አልወደደችውም፤ መድኃኒት መድኃኒት ይላል አለች። እኔ እወደዋለሁ። ልጆቹም ከእሷ ጋር ናቸው፤ ስለዚህ ለብቻዬ ቀረሁ።

ቤት እንደገባን ቅጠሉን ወሰደችብኝ። የአዲስ አበባ ሰው ጥሬ ቅጠል አያምንም። በኮምጣጤ ውሃ ዘፈዘፈችው፣ አወጣችው፣ አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው። በመጨረሻ በንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታ አደረቀችው። ኋላ ሳየው ጥሩ አደረገች፤ ውሃ የያዘ ቅጠል የሩዝ ወረቀቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። እኔ ካሮቱንና ኪያሩን በቀጭኑ ከተፍኩ። ቀይ ጥቅል ጎመንም ጨመርኩ፤ ለጣዕሙ ሳይሆን ለቀለሙ። አቮካዶ የቬትናም አይደለም፣ ልጆቹ ስለሚወዱት ነው የገባው። ቶፉውን ጨምቄ በሶይ ሶስ ነከርኩትና መጥበሻ ላይ ቀላ እስኪል አገላበጥኩት። ኑድሉ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ። እሱን ካላጠቡት ተያይዞ አንድ እብጥ ይሆናል።

ከዚያ እማዬ የሩዝ ወረቀቱን ፓኬት ከፍታ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናችው። ደረቅ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ላዩ ላይ የሽመና ምልክት አለበት። "ይሄ መስመር ምንድን ነው?" አለች።

አሠራሩን ጎረቤታችን ከነገሩኝና ካነበብኩት አስረዳኋት። ሩዝ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ በውሃና በትንሽ ጨው ቀጭን ሊጥ ይሆናል። የፈላ ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት አፍ ላይ ጨርቅ ይወጠራል። ሊጡ ጨርቁ ላይ በጭልፋ ጀርባ በክብ ይዘረጋል፣ ክዳን ይደረግበታል፣ ትንሽ ቆይቶ በቀርከሃ ዘንግ ይነሣል። በቀርከሃ ምንጣፍ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። መስመሩ የምንጣፉ ነው።

"ታዲያ እንጀራ በይኛ!" አለች። "ያልቦካ እንጀራ።"

በዚህ ሥራ የታወቀው ከሳይጎን ወደ ካምቦዲያ ድንበር ሲኬድ ያለው የታይ ኒን ግዛት ነው። እዚያ ትራንግ ባንግ በሚባል ቦታ የሚሠራው ወረቀት ፀሐይ ከመታው በኋላ በእሳት ለብ ይደረጋል፣ ከዚያ ሌሊት ውጭ ይሰጣል። ጤዛው ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ውሃ ሳይነካው ይጠቀለላል። የእኛው የፓኬት ወረቀት ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ያውም ለብ ያለ ውሃ። አንዴ ነክሮ ዙሪያውን ማሽከርከርና ገና ጠንከር እንዳለ ማውጣት ነው። ሳህኑ ላይ ሆኖ ራሱ ይለሰልሳል። እስኪለሰልስ ውሃ ውስጥ ከጠበቁት ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል።

አሁን ሶሱ። ጥቅልሉ ብቻውን ልክ የሌለው ጭምት ነው፤ ነፍስ የሚዘራበት ሶሱ ነው። አንደኛው ዓይነት በዓሣ ሶስ፣ በሎሚ፣ በስኳር፣ በውሃ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ የሚሠራው ነው። የዓሣው ሶስ ኑክ ማም ይባላል። ፉ ኮክ የምትባለው ደሴት በእሱ ትታወቃለች፤ ትንንሽ የባሕር ዓሣ ከጨው ጋር በትልልቅ የእንጨት በርሜል አንድ ዓመት ያህል ይቀመጥና የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ። እማዬ ዘንድ ግን ክርክር የለም። ስለዚህ ያኛው ቀረ።

ሁለተኛው የለውዝ ሶስ ነው፣ እኔ ከመጀመሪያውም የማደላው ለእሱ ነው። በትንሽ ዘይት የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ወርቃማ እስኪሆን አቁላላለሁ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሆይሲን እጨምራለሁ። ሆይሲን ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጣፈጥ ያለ ሶስ ነው። ሁለት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ ግማሽ ኩባያ የማይሞላ ውሃ። በቀስታ ማማሰል ነው። መጀመሪያ የተበጣጠሰ ይመስላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይዋሃዳል። ከወረደ በኋላ ሎሚ ይጨመቅበታል። ላዩ ላይ የተቆላና የተሰባበረ ኦቾሎኒ፣ እንዲሁም ቃሪያ። ጎረቤታችን ሎሚውን አይጨምሩም። እኔ ያለ ሎሚ አይሆንልኝም፣ ይከብደኛል።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። እማዬ እስከዚያ እህል አትቀምስም። ጠረጴዛው መሃል ላይ ለብ ያለ ውሃ በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥን፣ ዙሪያውን ቅጠሉ፣ ኑድሉ፣ አትክልቱ፣ ቶፉው። ሁሉም ተቀመጠ። እማዬ ቆማለች።

ይህን ምግብ ደጋግሜ የምሠራው ለዚህ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ ተረጋግታ ተቀምጣ ስትበላ ማየት ብርቅ ነው። ሁሌ የምታመጣው ነገር አለ። ጨው ትሄዳለች፣ ውሃ ትሄዳለች፣ እንጀራ ትጨምራለች፣ የሰውን ሳህን ታያለች። ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ትሪው ጥግ ላይ የቀረውን ትቀምሳለች፤ "እኔ ሳበስል ጠገብኩ" ትላለች። ስትመሰገን ደግሞ የምትመሰገነው በዚሁ ነው። እኔም ቀስ በቀስ እሷን ሆኛለሁ። ባለቤቴ "ኧረ ተቀመጪ" ይለኛል፤ ተነሥቶ ጨው ሲያመጣ ግን አላየሁም።

ጎይ ኩዎን ይህን አይፈቅድም። ለሁሉም ጠቅልዬ ላቅርብ ያለች አብሳይ የመጨረሻውን ስትጨርስ የመጀመሪያው ደርቋል፤ የተነካኩት ደግሞ ተጣብቀው ሲለያዩ ይቀደዳሉ። እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ማቆየት ይቻላል፣ ምግብ ቤቶች እንደዚያ ያደርጋሉ። ፍሪጅ ከገባ ግን ወረቀቱ ቆዳ ይሆናል። ወዲያው ተጠቅልሎ ወዲያው መበላት አለበት። ጎረቤታችን በልጅነታቸው ቤታቸው ሲበላ እንደዚሁ ውሃው መሃል ይቀመጥ ነበር አሉኝ፤ ትልቁም ትንሹም ለራሱ ይጠቀልላል።

"እማዬ፣ ቁጭ በይና ጠቅልይ፤ የሚመጣ ነገር የለም" አልኳት። ዙሪያዋን አየች። እውነትም የሚመጣ የለም። ተቀመጠች።

አንዴ ካሳየኋት በኋላ አስተማሪዋ እሷ ሆነች። ሰላጣው ከሥር ይሁን፤ ካሮቱ ስለታም ስለሆነ ወረቀቱን እንዳይወጋው። ኑድሉ ላዩ ላይ፣ ቅጠሉ ከዚያ። ከታች ማጠፍ፣ ሁለቱን ጎን ማስገባት፣ እያጠበቁ መጠቅለል። ያማረውን ቅጠል መጨረሻ ላይ ካስቀመጡት በወረቀቱ ውስጥ አልፎ ይታያል። የእሷ ጠባብና ለስላሳ ሆኖ ወጣ። የእኔ ሁሌ አንድ ጎኑ ያብጣል።

እንደ ልማዷ የመጀመሪያውን ሶስ ነክራ ለትንሹ ልጄ ልታጎርሰው ዘረጋች። "አያቴ፣ ቆይ፣ የራሴን እየሠራሁ ነው" አላት፣ ቀና ሳይል። እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሳቀች፣ ራሷ ጎረሰችው። ልጁ የሠራው ደግሞ አቮካዶ ብቻ የበዛበት፣ በሁለቱም ጫፍ የሚያፈስ ነገር ሆነ። እሱን ለእሷ ሰጣት። ቅሬታ ሳታሰማ በላችው፤ እኔ ብሆን የሠራሁት "ጨው አነሰው" ትለኝ ነበር።

ብዙ ቆየን ጠረጴዛው ላይ። ይህ ምግብ ለወሬ ጊዜ ይሰጣል፤ እጅ ሥራ ይዟል፣ አፍ ግን ነፃ ነው። እማዬ ስለ ፍልሰታ በልጅነቷ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሱባዔ ስለሚገቡት ሰዎች፣ እሷም ቆሎ ይዛላቸው ትሄድ እንደነበር አወራች። ከአሁን በፊት ነግራኝ አታውቅም። ወይም ነግራኝ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ወጥ ላማስል ተነሥቼ ይሆናል።

ሶሱን በተመለከተ አልተስማማንም። ልጆቹ እንዳለ ወደዱት። እሷ ስኳር በዛበት ብላ ሚጥሚጣ ጨመረችበት፣ ቀመሰች፣ ደግማ ጨመረች። የሚጥሚጣው ሳህን ቀድሞ አለቀ። ለጎረቤታችን ከሁለቱም ወስጄላቸው ነበር፤ የሚጥሚጣውን ቀምሰው አይናቸውን አበሱ፣ ሳህኑን ግን አልመለሱም።

እማዬ አሁን የሩዝ ወረቀት ወደ አዲስ አበባ ልትወስድ ነው። ሻንጣ ውስጥ በልብስ መሃል ከሆነ አይሰበርም ብላለች። ካሮት፣ ኪያር፣ ሰላጣ፣ ናና የትም ይገኛል። ሆይሲኑን ከየት ልታመጪ ነው ስላት "እሱን ተይው" አለች። "ኦቾሎኒውን ቆልቼ እፈጨዋለሁ፣ ሶይ ሶስ ሱፐርማርኬት አለ፣ ሚጥሚጣ ራሴ አለኝ። አንቺ ወረቀቱን አብዝተሽ ግዢልኝ።" ቅዳሜ ተመልሰን ኤደን ሴንተር እንሄዳለን። የበሶብላውን ዘመድ ዘርም ይሸጡ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላኛለች።