የሟች ወንድም ሚስት

ደሴ ፒያሳ ላይ ማመልከቻ፣ ውልና የጥሪ ካርድ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። የጽሑፍ ስህተት ያናድደኛል፤ ሁሉም ግን እኩል አያናድደኝም።

ሀሌታው ሀ በሐመሩ ሐ ቦታ ገብቶ ባይ አልቆጣም። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ የግእዙን ሥር ያልተማረ ሰው ከየት ያምጣው? የሚከነክነኝ ለማሳመር ተብሎ የሚመጣው ነው። የሱቁ ታፔላ «ሠላም» ይላል፣ ማስታወቂያው «አመሠግናለሁ» ብሎ ይዘጋል። ሁለቱም በእሳቱ ሰ ነው የሚጻፉት። «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች» የሚለውንም ዝም ብዬ አላልፍም። መምህራን ማለት ይበቃል፤ መምህሮችም ያስኬዳል፤ ሁለቱን መደረብ ግን ምን ይባላል?

አራት ነጥቡም አለ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስለዋል። ለዓይን አይለይም። ዐረፍተ ነገሩ መስመር ጫፍ ላይ ሲያልቅ ግን አንዳንዴ ግማሹ እዚያው ይቀርና ግማሹ ታች ወርዶ አዲሱን መስመር ይጀምራል። ዩኒኮድ ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያካትት አራት ነጥብ ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ገብቷል፤ ስልኩም ላይ አለ፣ ኮምፒውተሩም ላይ አለ።

ይሄ ሁሉ ቢበዛ ዓይን ያሻክራል እንጂ ሰው አይጎዳም። ነጠላ ሰረዝ ሲቀር ግን ሰው ይጎዳል።

በቅርቡ አንዲት እናት ሌላ ቦታ የታተመ የተዝካር መጥሪያ ይዘው መጡ። ጥቁር ነጠላቸውን ከነጥለቱ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ካርዱ ግርጌ ላይ ጠሪዎቹ ተጽፈዋል፦ «የሟች ወንድም ሚስትና ልጆች»። ልጃቸው ናት አንብባ የነገረቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ የሟቹ ሚስት ነኝ እኮ። ይኼ የዋርሳዬ ሚስት ነው የሚለኝ።»

«አይዞዎት እማማ፣ ይስተካከላል» አልኳቸው። «ወንድም» ከሚለው ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አስገብቼ አተምኩላቸው፤ ወንድሙ ለብቻው ቆመ፣ እሳቸውም ወደ ባላቸው ተመለሱ። የመጀመሪያው ካርድ ግን ከፊሉ ታድሎ ነበር፤ እሱን መሰብሰብ አይቻልም። የአንዲት ሴት ትዳር በምልክት መቅረት ሲፋለስ «ያው ይገባቸዋል» ብሎ ማለፍ እንዴት ያስችላል? ሐዘን ላይ ያለ ሰው ካርዱን ደግሞ ደጋግሞ ነው የሚያየው።

እንዲህ ያለው ሳይታረም እየዋለ ያገር ቤቱ አነጋገር መሳቂያ መሆኑ ይብስብኛል። አንድ አባት «ኸወረኢሉ ነው የመጣሁ» ሲሉ ከኋላ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ። ኸ ማለት ስህተት አይደለም፤ የአገሩ አማርኛ ነው። አባትዬው ፊደል አልቆጠሩም፤ ቋንቋውን ግን ያውቁታል። ማንኛውንም ጽሑፍ ከማተሜ በፊት ለባለቤቱ ጮክ ብዬ ስለማነብ የሳቸውንም ማመልከቻ አነበብኩላቸው። ሁለት ሐሳብ ያጋጠምኩበት ቦታ ላይ ስደርስ በከዘራቸው ወለሉን መታ አድርገው «እዚህ ላይ ቆም በል እንጂ» አሉኝ። ድርብ ሰረዙን እዚያው አስገባሁት።